አዝማሪና ዘማሪ፦ በቤተ መንግሥት የተሰበሰበ ድምፅ



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ጌታን አግኝቶ ወደ ጉባኤያችን መጣ። የተወለደው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ነው። አባቱም አያቱም አዝማሪ ነበሩ። እርሱም ከልጅነቱ ጀምሮ በገበያ ቀን በየጠጅ ቤቱ፣ በሠርግ ወራት በየዳሱ እየዞረ ማሲንቆ ሲመታ አድጓል። ከተጠመቀ በኋላ አንድ እሑድ ማሲንቆውን በነጠላ ጠቅልሎ ይዞ መጣና «በዚህ ጌታን ላመስግነው?» ብሎ ጠየቀን። ሽማግሌዎች ተሰብስበን ተነጋገርን። «ልጃችን፣ ይህ የአሮጌው ሕይወትህ ዕቃ ነው፤ ተወው» አልነው። ምንም አልመለሰም። እንደ ጠቀለለው ይዞት ሄደ። እኛም በዚያው ዓመት ከምእመናን መዋጮ ሰብስበን ኪቦርድ ገዛን።

ያን ቀን የሰጠነው መልስ ቆይቶ ይከነክነን ጀመር። ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱስንና የአገራችንን ታሪክ ጎን ለጎን አድርገን እንደገና አነበብን። ያገኘነውን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ። ጥያቄው ስለ አንድ መሣሪያ ብቻ አይደለም። ድምፅን የሚሰበስብ ማን ነው? የሚሰበስበውስ ለማን ክብር ነው? የሚለው ነው።

ከወርቁ ቀጥሎ የተቆጠሩ ዘፋኞች

በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 2 ሰባኪው በንግሥናው ዘመን ያከማቸውን ሁሉ ይዘረዝራል። የሠራቸውን ቤቶች፣ የተከላቸውን ወይኖች፣ የቆፈራቸውን የውኃ ማጠራቀሚያዎች፣ ባሪያዎቹን፣ ከብቶቹን፣ ብሩንና ወርቁን ይቆጥራል። ቁጥር 8 ላይ ሲደርስ ወንዶችና ሴቶች ዘፋኞችን ይጨምራል። ብዙ ጊዜ ይህን ቃል ሳናስተውለው እናልፋለን። ዘፋኞቹ የተቆጠሩት ከወርቁ ቀጥሎ ነው። ንጉሥ ወርቅ እንደሚያከማች ድምፅም ያከማቻል ማለት ነው።

በ2ኛ ሳሙኤል 19 ደግሞ የሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ ቤርዜሊ አለ። ዳዊት በቤተ መንግሥት ሊጦረው ሲጋብዘው፣ በዚህ ዕድሜዬ የዘፋኞችን ድምፅ መስማት እችላለሁን ብሎ ግብዣውን በትሕትና ይመልሳል። ቤተ መንግሥት መኖር ማለት በሽማግሌው ዐይን መብላት፣ መጠጣትና ዘፈን መስማት ነበር።

ዳንኤል ምዕራፍ 3 ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከፋል። ናቡከደነፆር በዱራ ሜዳ ላቆመው ምስል ሕዝቡ የሚሰግድበት ምልክት የሙዚቃ ድምፅ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን የተዘረዘሩትን መሣሪያዎች ያነበበ የጎጃም ሰው ልቡ ይደነግጣል፤ መለከቱ፣ እንቢልታው፣ መሰንቆው፣ ክራሩ፣ በገናው ሁሉ እኛ የምናውቃቸው ናቸው። ያ ሁሉ ጥበብ የተሰበሰበው ሰው ለሰው ምስል ጉልበቱን እንዲያጥፍ ነበር።

የጎጃም አዳራሽ

ወደ አገራችን እንምጣ። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ዘውድ ጭነው «ተክለ ሃይማኖት፣ ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» ተባሉ። ከተማቸው መንቆረር ነበረች፤ በኋላ ደብረ ማርቆስ የተባለችው። ዛሬ ምሥራቅና ምዕራብ ብለን የምንከፍለው አገር ሁሉ፣ ቡሬና ዳሞትም ጭምር፣ ወደዚያ አዳራሽ ይመለከት ነበር።

በዚያ ዘመን የመኳንንት ቤት በድምፅ ይታወቃል። ነጋሪት የሥልጣን ምልክት ነበር፤ የነጋሪቱ ብዛት የሹሙን ማዕረግ ይናገራል። አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰማል። በ1934 ዓ.ም. መንግሥት ሕግ ማውጫ ጋዜጣ ሲያቋቁም «ነጋሪት ጋዜጣ» ያለው ከዚሁ ነው። እንቢልታና መለከት ንጉሥ ሲወጣና ሲገባ ይነፋሉ። በገና የክቡራኑ የራሳቸው መሣሪያ ነው፤ በተለይ በጾም ወራት መኳንንቱና ካህናቱ ራሳቸው ይደረድሩታል። ማሲንቆ ግን የአዝማሪው ነው። በአንድ ክር የፈረስ ጭራ፣ በቆዳ በተለበጠ ሣጥንና በደጋን ብቻ አዝማሪው አዳራሹን ያስቃል፣ ያስለቅሳል፣ ጦረኛውን ያስፎክራል።

«ግብር» የሚለው የአማርኛ ቃላችን ሁለት ፊት እንዳለው አስተውላችኋል? ገበሬው ለጌታው የሚከፍለው ግብር ነው። ጌታው አዳራሹን ከፍቶ ሠራዊቱን የሚያበላበት ድግስም ግብር ነው። ከጎተራው የወጣው እህል ተመልሶ በአዳራሹ እንጀራና ጠላ ይሆናል። አዝማሪው የሚቆመው በሁለተኛው ግብር ላይ ነው፤ የሚዘፍነው ግን በመጀመሪያው ግብር ተሰብስቦ በመጣው ማዕድ ፊት ነው። ሰዎች «ተቀበል!» ይሉትና ግጥም ይሰጡታል፤ እርሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ሰጪው ቢያሞግስ ያሞግሳል፤ ቢወጋ ይወጋል። ጎበዝ አዝማሪ በሰምና ወርቅ ጌታውን ሳይቀር ይወቅሳል፤ ጌታውም ስቆ ያልፋል፣ ወይም ይቀየማል። ከአዳራሹ ሲወጣ ግን ያው ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ሰው ነው። ጥበቡን የወደዱለት ሰዎች ልጃቸውን አይድሩለትም።

የጎጃም ቤተ መንግሥት የሰበሰበው አዝማሪን ብቻ አልነበረም። የቅኔና የዜማ ሊቃውንት በንጉሡ ዙሪያ ነበሩ። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ከአባይ ማዶ የመጡ ሰው ናቸው፤ በዚሁ አገር አድገው ቅኔ ተምረው፣ ሠዓሊና የጎጃም ታሪክ ጸሐፊ ሆኑ። ዛሬ ስለዚያ ቤት የምናውቀውን ብዙ ነገር የጻፉልን እርሳቸው ናቸው። ንጉሡ ጥበብን ማወቃቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ይህን መካድ አንፈልግም፤ መልካም ስጦታ ሁሉ ከላይ እንደሆነ ያዕቆብ አስተምሮናልና።

ድምፅ የሚሸመትበት ዘመን

በሸዋ በኩል ደግሞ ነገሩ ሰፋ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለዐፄ ምኒልክ ላኩ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም የራሳቸውን ድምፅ ቀድተው መልስ ላኩ። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላይ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላኩ፤ ሚሌቭስኪ የተባለ አስተማሪም ወጣቶችን አሠለጠነ። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ምኒልክ ወደ ጀርመን የላኳቸው ተሰማ እሸቴ የመኪና ሥራ እየተማሩ ሳሉ በበርሊን ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ ሲቀረጽ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ተሰማ በኋላ ነጋድራስ ሆኑ፤ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ሰውም ነበሩ። ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የእርሳቸውም ክብር አብሮ ወደቀ። በቤተ መንግሥት ፀሐይ የደመቀ ድምፅ ፀሐይዋ ስትጠልቅ እንዲሁ ይሆናል።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ ውጭ አገር ሲጓዙ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ አብረዋቸው ነበሩ። ኢየሩሳሌም ላይ ወላጆቻቸውን በአርመን እልቂት ያጡ ልጆች በሙዚቃ ጓድ ተሰልፈው ተቀበሏቸው። ራስ ተፈሪ ደስ አላቸውና አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተብለው የዘመናዊ የሙዚቃ ጓድ መሠረት ሆኑ፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። እነዚያ ልጆች ቤትና እንጀራ አገኙ፤ ይህ ምሕረት ነው። ሆኖም መዝሙር 137ን የምናነብ ሰዎች ቤቱን ያጣ ሰው በባዕድ አገር እንዲዘፍን ሲጠየቅ ልቡ ምን እንደሚል ጥቂት እናውቃለን።

ናልባንዲያን ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሕዝብ መዝሙር ዜማ ሠራ። ቃሉን የጻፉት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው፤ የደብረ ኤልያስ ተወላጅ፣ የጎጃም ቅኔ ቤት ፍሬ። ስለዚህ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ በዓለ ንግሥ ሲከበር ከአርመን የተረፈ ዜማና ከጎጃም የበቀለ ቃል በአንድ ዙፋን ፊት ተገናኙ። አገሩ ሁሉ ከ40 ዓመት በላይ ቆሞ ዘመረው።

ዙፋኖቹስ ምን ሆኑ? በሰበሰቡት ግብር ብዛት ገበሬውን ያስመረሩት ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከሹመታቸው ወርደው ታሰሩ። በጣሊያን ዘመን ለወራሪው አገለገሉ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በእኛ በኩል፣ በቡሬ አድርገው፣ ወደ ደብረ ማርቆስ አለፉ፤ ራስ ኃይሉም እዚያ እጅ ሰጡ። ፍኖተ ሰላም «የሰላም መንገድ» የሚል ስሟን ያገኘችው ከዚያ የመመለስ ጉዞ እንደሆነ አባቶቻችን ይናገራሉ። በዚህ መንገድ በድል ያለፉት ንጉሠ ነገሥትም በ1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ የዙፋኑ መዝሙርም ከዙፋኑ ጋር ቀረ። ሰባኪው በመክብብ 2 ቁጥር 11 የድካሙን ሁሉ መጨረሻ ሲመለከት ነፋስን እንደ መከተል ሆኖ አገኘው። ዘፋኞቹም በዚያ ሒሳብ ውስጥ ነበሩ።

ሁለት ጦሮች

በቤተ መንግሥትና በዘማሪ መካከል ስላለው ነገር ሁለት የጦር ታሪኮች አሉ። አንደኛው በ1ኛ ሳሙኤል ነው። ዳዊት ወደ ሳኦል ቤት የገባው በገና ደርዳሪ ሆኖ ነው። ሲደረድር ክፉው መንፈስ ከንጉሡ ይርቃል። በኋላ ግን ሴቶች በየመንገዱ ለዳዊት ሲዘፍኑ ሳኦል ቀና፤ እየደረደረለት ሳለ ጦር ወረወረበት። ንጉሡ ድምፁን ፈለገ እንጂ ሰውየውን አልወደደም።

ሁለተኛው አገራችን የምትተርከው ነው። ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጠው የጦራቸው ጫፍ የያሬድን እግር ወጋ ይባላል። ሁለቱም አላወቁም። ደሙ ሲፈስ ንጉሡ ደንግጠው «የምትፈልገውን ጠይቀኝ» አሉት። ያሬድ ሹመት አልጠየቀም፤ ርስት አልጠየቀም። የጠየቀው እንዲለቁት ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በጸሎት ሊኖር። ንጉሡም አዘኑ፤ ቃላቸውን ሰጥተዋልና ለቀቁት።

ስለዚህ ትውፊት ዝርዝር የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሊቃውንት ይከራከሩ። እኛ ግን አንድ ነገር ተማርንበት። አንደኛው ጦር በቅናት ተወረወረ፤ ሁለተኛው ጦር በፍቅር ተወጋ። የመጀመሪያው ሳያገኝ አለፈ፤ ሁለተኛው ግን የዘማሪውን ሥጋ አገኘ። ደግ ንጉሥም ቢሆን ዘማሪን ለራሱ ሲይዘው ያቆስለዋል። ያሬድ ያን ስለ ገባው ትልቁን ሽልማት መረጠ፤ መለቀቅን።

ከንጉሥ ቤት የወጣች ልጅ

ከቡሬ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ አባይን ተሻግሮ ነቀምቴ ይገባል። ዛሬ መኪና የሚሄድበት ይህ አቅጣጫ በዘመነ መሳፍንትና ከዚያም በኋላ የንግድና የዘመቻ አቅጣጫ ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር በእምባቦ ተዋግተው የተማረኩት ከአባይ ማዶ ላለው አገር ሲሉ ነው። ነጋዴዎች ከዚያ አገር ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ ያመጡ ነበር። ሰውም ያመጡ ነበር። በጎጃም ገበያዎች ሰው ይሸጥ ነበር፤ ይህን ስንጽፍ እያፈርን ነው።

ከማዶው አገር ርቆ በሚገኘው በሊሙ እናርያ አንዲት ልጅ ነበረች። በኋላ አስቴር ጋኖ ተባለች። በነጻነት ተወልዳ ሳለ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ወደቀች። በ1886 እ.ኤ.አ. ወደ ዓረብ የባሪያ ገበያ የሚወስዳት ጀልባ በጣሊያን የባሕር ኃይል ተያዘ፤ ነጻ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወዳለው የስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተወሰደች። በዚያ ከእርሷ በፊት ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው አገኘች፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ።

ኦኔሲሞስ በ1887 እ.ኤ.አ. በኦሮምኛ የመጀመሪያውን የመዝሙር መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ለመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ግን የሕዝቡን ቋንቋ በጥልቀት የሚያውቅ ሰው ያስፈልገው ነበር። ያ ሰው አስቴር ሆነች። በልጅነቷ የሰማቻቸውን ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና እንቆቅልሾች ከልቧ እያወጣች 500 ያህል ጻፈች። ከእነርሱ ከፊሉ በ1894 እ.ኤ.አ. በወጣው የንባብ መጽሐፍ ታተመ። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 እ.ኤ.አ. ወጣ። በኋላ ሁለቱም ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ አስተማሩ።

ወገኖቼ፣ ይህን ነገር ከላይ ካየናቸው ጋር አስተያዩት። ንጉሥ አንዲትን ልጅ እንደ ንብረት ሰበሰበ። ያቺ ልጅ ነጻ ስትወጣ ደግሞ የሕዝቧን ዜማ ሰበሰበች። የሰበሰበችው በአዳራሽ ልታከማቸው አልነበረም። መልሳ ለሕዝቧ ልትሰጠው ነበር፤ ገበሬው፣ እረኛው፣ ሴት ልጅ የእግዚአብሔርን ቃል በራሱ አፍ ቋንቋ እንዲሰማ። በንዕማን ቤት የነበረችውን ምርኮኛ ብላቴና ታስታውሳላችሁ? ጌታ በትልልቆች ቤት ውስጥ ትንንሾችን ማግኘት ያውቅበታል።

ማሲንቆውን ማን ያንሣው?

«አዝማሪ»፣ «ዘማሪ»፣ «መዝሙር»፣ «መዘምራን»፤ ሁሉም ከአንድ ግንድ፣ «ዘመረ» ከሚለው የወጡ ናቸው። አዝማሪውን ከጠጅ ቤት፣ ዘማሪውን ከቤተ ክርስቲያን ያደረገው ቃሉ አይደለም። «ተቀበል!» የሚለው ማን እንደሆነ ነው ልዩነቱ። አዝማሪው ከከፈለው ይቀበላል። ዘማሪ ግን፣ መዝሙር 40 እንደሚያስተምረን፣ አዲሱን ዝማሬ ከእግዚአብሔር ይቀበላል።

ዳዊት ራሱ ሲነግሥ ዘፋኞች በቤቱ ነበሩት፤ ከቤርዜሊ እንደ ሰማነው። ነገር ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር አደረገ። በ1ኛ ዜና መዋዕል 25 የአሳፍን፣ የኤማንንና የኤዶታምን ልጆች ለጌታ ቤት ለየ። የተማሩት ሁሉ 288 ነበሩ። ተራቸውን የወሰኑት በዕጣ ነው፤ ታናሽ እንደ ታላቅ፣ ተማሪ እንደ አስተማሪ። በንጉሥ ቤት የዘፋኙ ስፍራ በጌታው ፊት መዓዛ ነው፤ በጌታ ቤት ግን ዕጣ ይጣላል። ስም ያለው ስም ከሌለው አይቀድምም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ጉባኤያችንን ስንመሠርት እንደ ዳዊት አደረግን ወይስ እንደ መክብቡ ንጉሥ? ኪቦርድ፣ ድራም፣ ድምፅ ማጉያ ሰበሰብን። ለኮንፈረንስ ስመ ጥር ዘማሪ ከአዲስ አበባ አስመጣን፤ ፎቶውን በፖስተር ላይ ከጌታ ቃል አስበልጠን አተምን። ከጃቢ ጠህናን ገጠር ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የምትመጣ እናት ግን በራሷ ዜማ ጌታን አመስግና አታውቅም፤ ጠይቀናትም አናውቅም። መሣሪያ መግዛት ኃጢአት ነው አንልም። የተጋበዙትንም ወንድሞችና እህቶች እናከብራለን። ነገር ግን የአዳራሽ ልማድ ሳናውቀው ወደ ጸሎት ቤታችን ገብቷል።

ለወጣቱ «ተወው» ስንለው ምክንያታችን ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ማሲንቆ በጠጅ ቤት ብዙ ቀርቷል፤ ድምፁን ሲሰሙ አሮጌ ነገር የሚታወሳቸው ምእመናን አሉ። ጳውሎስ ስለ ደካማው ወንድም ሕሊና የጻፈውን እናከብራለን። ነገር ግን በእውነት ፊት እንቁም። ከሕሊና ይልቅ የበረታብን እፍረት ነበር። የአዝማሪ ልጅ በመድረካችን ላይ ቢቆም ሰው ምን ይለናል ብለን ነበር። ባላገሩ የናቀውን እኛም ናቅነው። መዝሙር 150ን በየሳምንቱ እያነበብን፣ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ መሰንቆ ተጽፎ እያለ።

ስለዚህ አምና፣ ከፋሲካ በፊት፣ ሁለት ሆነን ወደ ቤቱ ሄድን። ከጌታ ቤት አልራቀም ነበር፤ በየእሑዱ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ ነበር። ማሲንቆው በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቆዳው ተሰንጥቋል፤ ጭራው ብል በልቶታል። በድለንሃል፣ ይቅር በለን አልነው። ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለን፦ «ፓስተር፣ እናንተ ተወው ስትሉኝ ጌታም የኔን ድምፅ የማይፈልግ መስሎኝ ነበር።»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። የሰው እፍረት በጌታ ስም ሲነገር ምን እንደሚሰብር አየን።

ማሲንቆውን ያደሰው አባቱ ነው። ሽማግሌው ገና ጌታን አላመኑም። አዲስ ቆዳ ለብጠው፣ አዲስ ጭራ ወጥረው ሲጨርሱ «አሁን ግጥም የሚሰጠው ማነው?» ብለው ጠየቁን። መልሱን ከልጃቸው አፍ ይሰሙ ዘንድ እንዲመጡ ጋበዝናቸው። በትንሣኤ እሑድ መጥተው በር አጠገብ ቆሙ። ልጃቸው ሲመታ ከምእመናን ሁለት ሦስቱ ተነሥተው ወጡ። ከእነርሱም ጋር ቁጭ ብለን እየተነጋገርን ነው፤ ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። ሽማግሌው ግን እስከ መጨረሻው አልወጡም።

አንድ ቃል ጨምረን እናብቃ። የዕብራውያን ጸሐፊ በምዕራፍ 2 ቁጥር 12 የዳዊትን መዝሙር በክርስቶስ አፍ ያኖረዋል፤ ጌታ ራሱ በወንድሞቹ ጉባኤ መካከል ሆኖ አባቱን በዝማሬ ያመሰግናል። በመጨረሻዋም ሌሊት ከደቀ መዛሙርቱ ጋር መዝሙር ዘምሮ ወደ ደብረ ዘይት እንደ ወጣ ማርቆስ ጽፏል። የምድር ነገሥታት ተቀምጠው ሌላው ይዘፍንላቸዋል። የእኛ ንጉሥ ግን ከዘማሪዎቹ መካከል ቆሞ ይዘምራል። በዚህ ቤት አዝማሪ የለም፤ የተናቀ ድምፅም የለም። ሁላችንም በእርሱ ዙሪያ የቆምን መዘምራን ነን።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወገኖች፣ በጉባኤያችሁ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ የተመለሰ ድምፅ ይኖር ይሆን? ፈልጉት። ገና ጌታን የማታውቁ፣ ነገር ግን ይህን ያነበባችሁም፣ ለእናንተ የምንለው አንድ ነው። ሰው ድምፃችሁን ንቆ ይሆናል፤ ወይም ወዶ ተጠቅሞበት ጥሎት ይሆናል። ጌታ ኢየሱስ ግን የሚፈልገው እናንተኑ ነው። ደሙን ያፈሰሰውም ለእናንተ ነው።

አባት ሆይ፣ ለራሳችን ክብር ከሰበሰብነው ሁሉ አንጻን። የገፋናቸውን እንድንመልስ ትሕትና ስጠን። በአፋችንም አዲስ ዝማሬ አኑር። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።